ልጁ ክፍል ገባ፤ ከዚያስ? ለኦ ክፍል መምህራን የአካቶ መመሪያ ከጎንደር

ከጥቂት ዓመታት በፊት በማስተምርበት ኦ ክፍል፣ ማለትም ከአንደኛ ክፍል በፊት ባለው ክፍል፣ አንድ የ5 ዓመት ልጅ ተቀበልኩ። ሴሬብራል ፓልሲ አለበት፤ አንጎል ላይ በደረሰ ጉዳት የተነሣ ሰውነቱ እንደፈለገ አይታዘዘውም። አያቱ ከሳሙና በር አዝለው ያመጡታል። እኔ ግድግዳው ሥር ምንጣፍ አነጥፍለታለሁ፤ በትራስ ደግፌ አስቀምጠዋለሁ። ልጆቹ ይዘምራሉ፣ እሱ ያያል። ሲስቁ አብሮ ይስቃል። ሰው ሲጠይቀኝ «አካቶ እየሠራን ነው» እላለሁ፤ አካል ጉዳተኛውን ልጅ ከሌሎቹ ጋር አንድ ክፍል እያስተማርን ነው ማለቴ ነው። ከልቤ ነበር የምለው።

ኅዳር ላይ ልጆቹ ለመክሰስ እጃቸውን ሊታጠቡ ተሰለፉ። ውኃው ያለው ሦስት ደረጃ ወርዶ ነው። ዞር ስል ልጁ እዚያው ምንጣፉ ላይ ሆኖ ሁለት እጆቹን ወደ ፊት ዘርግቷል። መዳፎቹን እንደምንም ገጥሞ፣ ውኃ እንዲፈስለት ይጠብቃል። ከመስከረም ጀምሮ አንድም ቀን እጁን አስታጥቤው አላውቅም ነበር።

ያን ቀን የገባኝን ነው እዚህ የምጽፈው። የጉዳቱን ስም ከማጥናት በፊት የልጁን ቀን ተከተሉት። ከበር እስከ መሸኛ ሰዓት ድረስ የት የት ላይ ይቀራል? አንዷን ቦታ ያዙና አስተካክሉ። ከዚያ ወደ ቀጣይዋ እለፉ። ክፍላችሁ ውስጥ 60 ልጅ ቢኖርም ይሄ ይሠራል፤ እኔም ብዙ ልጅ ይዤ ነው የሠራሁት።

1. ነሐሴ ላይ ቤቱ ድረስ ሂዱ

ለምዝገባ የማይመጡ ልጆች አሉ። ቤት ውስጥ ናቸው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያውቋቸዋል። የእድር ዳኞች፣ የሰበካ ጉባኤና የመስጊድ ሰዎችም ያውቃሉ። ጠይቋቸው። «አካል ጉዳተኛ ልጅ ያለበት ቤት የት ነው?» ብላችሁ ግን አትጀምሩ፤ ሰው ይሸሻል። «ለትምህርት ደርሶ ቤት የቀረ ልጅ አለ?» ማለት ይበቃል።

ቤት ስትገቡ ወረቀት አታውጡ። ቡና ከተፈላ ጠጡ። እኔ ያን ልጅ ያገኘሁት ቡና ላይ ነው። አያትየው ጓዳ ነበር ያስተኙት። «ሰው ይስቅበታል ብዬ እኮ ነው ልጄ» አሉኝ። መብት ምናምን ብዬ አልተከራከርኳቸውም። «እማማ፣ አንቱ ነዎት የሚያውቁት። ምን ሲያይ ነው ደስ የሚለው?» አልኳቸው። ፊታቸው ወዲያው ተቀየረ። ዶሮ እንደሚወድ፣ ዝናብ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ እንደሚስቅ፣ ሽንቱ ሲመጣ ግራ እጁን እንደሚያወዛውዝ ነገሩኝ። ይቺን የመጨረሻዋን የትም ሆስፒታል አላገኛትም ነበር።

የምትጠይቁት ይሄው ነው። ምን ይወዳል? ምን ያስደነግጠዋል? ሲርበው፣ ሽንት ሲመጣበት በምን ያስታውቃል? ምግብ እንዴት ነው የሚበላው? የሚጥል በሽታ ጥሎት ያውቃል? መድኃኒት ይወስዳል? በየትኛው የቤት ስም ነው የሚጠራው?

አንድ ነገር ግን ጠንከር ብላችሁ ተናገሩ። ጸበል የሚሄዱ ቤተሰቦች ብዙ ናቸው፤ እምነታቸውን አትንኩ። ነገር ግን የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስድ ልጅ በድንገት ካቋረጠ ከበፊቱ የባሰ ሊጥለው ይችላል። «ጸበሉም ይቀጥል፣ ኪኒኑም አይቋረጥ» በሏቸው።

2. ሐኪም እስኪያየው ድረስ ትምህርቱን አታዘግዩ

«መጀመሪያ የሐኪም ወረቀት ያምጣ» የሚል ትምህርት ቤት አለ። ወረቀቱ ሳይመጣ ዓመቱ ያልቃል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስኬዱ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ፊዚዮቴራፒ (የሰውነት እንቅስቃሴ ሕክምና) እና የዓይን ሕክምና አለው። ዩኒቨርሲቲው ከዚህ ሌላ ማኅበረሰብ አቀፍ የተሐድሶ ሥራ ይሠራል፤ አካል ጉዳተኞችን በሚኖሩበት አካባቢ ይረዳል ማለት ነው። የክፍለ ከተማችሁ ትምህርት ጽሕፈት ቤት የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ባለሙያ ካለው፣ ስልኩን ያዙ።

እስከዚያ እናንተ የምታዩት ብዙ ነው። ልጁ ሳያያችሁ ከኋላው ሆናችሁ በዝግታ ስሙን ጥሩ። ካልዞረ ሌላ ቀን ድገሙት። ከጆሮው ፈሳሽ ይወጣል? ሥዕል ሲያይ ዓይኑ ሥር ያስጠጋል? አንገቱን ያዘነብላል? በአንድ እጁ ብቻ ነው የሚጫወተው? ቀኑን ጽፋችሁ ያያችሁትን መዝግቡ። ሐኪም ጋ ሲሄዱ ያቺ ማስታወሻ ትጠቅማለች። የበሽታ ስም ግን እናንተ አትስጡት። ኦቲዝም ከሰው ጋር መግባባትን የሚያከብድ የአእምሮ እድገት ሁኔታ ነው፤ «ኦቲዝም ይመስለኛል» ያልነው ነገር ለእናት እንደ ፍርድ ነው የሚሰማት። ጆሮው የማይሰማ ልጅም ሲጠሩት ስለማይዞር በቀላሉ ኦቲዝም ሊመስል ይችላል።

ትምህርት ቤቱ «አንቀበልም» ካለስ? ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትን በ2002 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 676 አጽድቃለች። አንቀጽ 24 ስለ ትምህርት ነው፤ በአካል ጉዳት ምክንያት ማንም ከትምህርት እንዳይገለል ይላል። ይህን ቁጥር ይዛችሁ በትሕትና አሳዩ።

3. ቀኑን በወረቀት ላይ ዘርጉት

አንድ የደብተር ወረቀት ለሁለት ክፈሉ። በግራ የቀኑን ጉዞ ጻፉ፦ ከበር መግባት፣ ሰልፍና መዝሙር፣ ፊደል፣ ውጭ ጨዋታ፣ እጅ መታጠብ፣ መክሰስ፣ ሽንት ቤት፣ ተረት፣ መሄጃ። በቀኝ ልጁ በዚያ ሰዓት የሚያደርገውን ጻፉ። የሚያደርገውን ብቻ። «ያያል»፣ «ይጠብቃል»፣ «ተኝቷል» የሚል ቃል ከመጣ እዚያ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

የእኔ ወረቀት ላይ ከዘጠኙ ስድስቱ «ያያል» የሚል ነበር። አለቀስኩ። ከዚያ አንዷን መረጥኩ፤ እጅ መታጠብን። አንድ ማንቆርቆሪያና አንድ ሳፋ ወደ ምንጣፉ መጣ። የሚያስታጥብ ልጅ ተራ ወጣ። ልጆቹ በተራው ተጣሉበት። ወጪው ዜሮ ነው።

4. መግቢያውና ሽንት ቤቱ

ጎንደር ዳገት ናት። ክረምት ላይ ጭቃው፣ በጋ ላይ ኮብልስቶኑ ለዊልቸርም ለክራንችም አይመችም። ከበር ውጭ ያለውን መለወጥ አንችልም፤ ባጃጁ እስከ ክፍሉ በር እንዲገባ ጥበቃውን መንገር ግን እንችላለን። ለብዙ እናቶች ይሄ ብቻውን ትልቅ እፎይታ ነው።

ደረጃ ካለ ተዳፋት መወጣጫ አሠሩ። ልኩ ቀላል ነው፤ ለእያንዳንዱ 1 ሳንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሳንቲ ሜትር ርዝመት። 20 ሳንቲ ሜትር ደረጃ ካላችሁ 2 ሜትር ከ40 ያስፈልጋችኋል። አናጢው «በ1 ሜትር ይጨረሳል» ይላችኋል። እሺ አትበሉ፤ ልጁን ወደ ኋላ ይጥለዋል። ጎንና ጎኑ ላይ ጠርዝ ይኑረው።

ሽንት ቤት ላይ አንዲት ቀዳዳ ምረጡ። ከጎኗ ልጁ የሚይዘው የባሕር ዛፍ እንጨት በደንብ ይተከል። ቁጢጥ ማለት ለማይችል መሐሉ የተቀደደ ወንበር ይደረግ። በሩ ይዘጋ። የ5 ዓመት ልጅም ያፍራል።

5. ወንበሩ

እዚህ ላይ ረዘም እላለሁ። ሰውነቱ የሚገተር ወይም የሚዝል ልጅ በደንብ ካልተቀመጠ እጁ አይሠራም፣ ዓይኑ አይረጋም፣ ምግብም ትን ይለዋል። በትራስ የተደገፈ ልጅ ኃይሉን ሁሉ የሚጨርሰው ላለመውደቅ ነው። ለፊደል የሚተርፈው የለም።

ከቻላችሁ ፊዚዮቴራፒስት ይለካው። ካልቻላችሁ ሜትር ያዙና እናቱ ባለችበት እንዲህ ለኩ፦

- የመቀመጫው ከፍታ፦ ከጉልበቱ መታጠፊያ እስከ ጫማው ተረከዝ።
- የመቀመጫው ጥልቀት፦ ከልጁ ዳሌ ጀርባ እስከ ጉልበቱ መታጠፊያ፣ ሁለት ጣት ተቀንሶ።
- ስፋት፦ የዳሌው ስፋት፣ በየጎኑ አንድ ጣት ተጨምሮ።
- የጠረጴዛው ከፍታ፦ ተቀምጦ ክርኑ በሚያርፍበት ልክ።

ጀርባውን እንደ ቤት ማዕዘን አሠሩት፤ ሁለት ሳንቃ ተጋጥሞ ቀጥ ያለ ማዕዘን ይሥራ። ትከሻው ወደ ፊት ይመጣል፣ እጆቹም ወደ መሐል ይሰበሰባሉ። የሚይዘው ሰፊ ጨርቅ ሆድ ላይ አይታሰር፤ ዝቅ ብሎ ዳሌውንና ጭኑን የሚያገናኘው እጥፋት ላይ ይሁን። እግሩ በፍጹም አይንጠልጠል። እግሩ መሬት ወይም ሣንቃ ካልነካ ሰውነቱ ሁሉ ይገተራል።

ሰፈር ያለ አናጢ ይህን ይሠራል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት እንዲያለሰልስ ንገሩት። መጀመሪያ ቀን ከ20 ደቂቃ አታስበልጡ። ስታነሱት ቆዳው የቀላበት ቦታ ካለ እዚያ ላይ ጨርቅ ጨምሩ።

የእኔ ልጅ ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ዕለት የመጀመሪያ ሥራው ምን ነበር መሰላችሁ? ጠረጴዛውን በመዳፉ መምታት። ልጆቹ ሲዘምሩ እሱ ከበሮ መቺ ሆነ። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ያቺን ሥራ ማንም አልወሰደበትም።

6. ፊደሉ በጆሮ፣ በዓይን፣ በጣት

«ሀ ሁ ሂ» ብለን በኅብረት ስንጮኽ ሁሉም ያወቀ ይመስለናል። መስማት የማይችል ልጅ ግን የጎረቤቱን አፍ እያየ አፉን ያንቀሳቅሳል። አንዲት ልጅ እንዲህ አድርጋ አንድ መንፈቅ ሸውዳኛለች፤ ልጅቱ ጎበዝ ናት፣ እኔ ነኝ ያላየሁት። ስለዚህ ከኅብረቱ በኋላ ሁልጊዜ አንድ በአንድ ጠይቁ።

መስማት ለተሳነው ልጅ፦ ፊታችሁ ወደ ብርሃን ይዙር፣ መስኮቱ ከኋላችሁ አይሁን። ወደ ሰሌዳ ዞራችሁ አታውሩ። የኢትዮጵያ ምልክት ቋንቋ የጣት ፊደል ለእኛ መምህራን ደስ የሚል ነገር አለው። ለእያንዳንዱ የፊደል ቤት አንድ የእጅ ቅርጽ አለ፤ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ያሉት ሰባቱ ደግሞ በእጅ እንቅስቃሴ ይለያሉ። ሰባት እንቅስቃሴ ለመዳችሁ ማለት ገበታውን ግማሽ ሄዳችሁ ማለት ነው። ለክፍሉ በሙሉ አስተምሩት። የሚሰሙት ልጆች ከእናንተ ቀድመው ይይዙታል። ልጅቱ ግን ከፊደል በፊት የምታወራበት ቋንቋ ያስፈልጋታል። መስማት የተሳነው አዋቂ ሰው በሳምንት አንድ ቀን መጥቶ ቢጫወት ትልቅ ነገር ነው።

ዓይኑ ለደከመ ልጅ፦ ፊደሉን በነጭ ወረቀት ላይ በወፍራም ጥቁር ጻፉ። ለ እና ሰ፣ ተ እና ቸ ይምታቱበታል፤ አራርቃችሁ አስተምሩ። ጭራሽ ለማያይ ልጅ በካርቶን ላይ በሙጫ ጽፋችሁ ጤፍ በትኑበት፤ ሲደርቅ በጣቱ ይከተለዋል። የእንቁላል ካርቶን በቁመት ሦስት፣ በወርድ ሁለት አድርጋችሁ ብትቆርጡ ስድስት ጉድጓድ ይወጣችኋል። ዓይነ ስውራን በጣት የሚያነቡት ብሬይል የሚጻፈው በስድስት ነጥብ ነው። ድንች ወይም ቆርኪ እያስገባ ቦታቸውን ይልመድ። ባቄላ፣ ሽምብራና ምስር ደባልቃችሁ እንዲለይ ስጡት። ጣቱ የሚሠለጥነው እንዲህ ነው።

ቶሎ የማይገባው ልጅ ላይ ሥራውን ቆራርጡት። እጅ መታጠብ ስድስት ሥራ ነው፤ እጅጌ መሰብሰብ፣ ማርጠብ፣ ሳሙና፣ ማሸት፣ ማለቅለቅ፣ ማድረቅ። ከመጨረሻው ጀምሩ። አምስቱን እጁን ይዛችሁ አብራችሁ ሥሩ፤ ማድረቁን ለብቻው ይሥራ። ሲለምደው ማለቅለቁንም ልቀቁለት። እንዲህ ሲሆን ልጁ ሁልጊዜ የሚጨርሰው ራሱ ነው።

በሕፃንነት ላይ መቸኮል የለም። በ2015 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ቅድመ አንደኛን ሁለት ዓመት አድርጎታል። ሁለቱንም ዓመት ተጠቀሙባቸው።

7. ለሚጨነቅ ልጅ ቀኑን አሳዩት

ኦቲዝም ያለበት ልጅ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ካላወቀ ይጨነቃል። አንድ ሲባጎ ወጥሩና የቀኑን ሥራ በሥዕል በልብስ መቆንጠጫ ስቀሉ። ሥራው ሲያልቅ ሥዕሉን ራሱ ያውርድ። የማያይ ልጅ ካለ በሥዕል ፋንታ ዕቃ ስጡት፤ ኩባያ መክሰስ ነው፣ ኳስ ውጭ ነው።

ደወሉ ካስደነገጠው ቀድማችሁ ንገሩት፣ ወይ ከደወሉ ራቅ አድርጉት። ጥግ ላይ በነጠላ የተጋረደች ትንሽ ቦታ ትኑር። ለቅጣት አትጠቀሙባት፤ ማረፊያው ናት። በጥር ደግሞ ተጠንቀቁ። ጥምቀት ሲቃረብ ከተማው ሁሉ ከበሮና ድምፅ ማጉያ ነው። እኛ ስንደሰት እሱ ጆሮውን ይዞ ይንከባለል ይሆናል። ከሁለት ሳምንት በፊት ከበሮ በዝግታ እየመታችሁ፣ የታቦቱን ሽኝት በጨዋታ እያሳያችሁ አለማምዱት።

8. ጨዋታ

ውጭ ጨዋታ ላይ ጓደኛ ይገኛል። ስለዚህ ደንቡን ቀይሩ፣ ጨዋታውን ግን አትለውጡ። ሰኞ ማክሰኞ ላይ መዝለል የማይችለው ጠጠር ይወረውራል፣ ጓደኛው ይዘልለታል፤ ነጥቡ የሁለቱ ነው። አኩኩሉ ላይ «አልነጋም»ና «ነጋ» ሲባል ለማትሰማው ልጅ ቀይና ነጭ ጨርቅ ይውለብለብላት። ቅልብልቦሽ ላይ ጠጠር ለማይጨብጥ እጅ በጨርቅ የተሞላ ትንሽ ከረጢት ስጡ።

ልጆች ይጠይቃሉ፤ አትቆጧቸው። «ለምን አይሄድም?» ሲሉ ልጁ ባለበት እንዲህ በሏቸው፦ «እግሩ እንደ እናንተ እግር አይታዘዘውም። አይተላለፍም። መጫወት ግን ይወዳል፤ ጠይቁት።» ልጁን በጉዳቱ የሚጠራ ካለ በዚያው ቅጽበት አስቁሙ፣ በስሙ ይጠራ። አዋቂም ቢሆን። የጥበቃውንና የጽዳት ሠራተኛዋን አፍ ቀድማችሁ አለምዱ፤ ልጆቹ ከእነሱ ይሰማሉ።

«ልጄ አጠገብ አይቀመጥ» የሚል ወላጅ ይመጣል። እኔም ጋ አንዲት እናት መጥታለች። ክፍል ጋበዝኳት። ልጇ ያንን ልጅ እጁን ሲያስታጥበው በር ላይ ቆማ አየች። ምንም ሳትለኝ ሄደች፤ ጥያቄውንም አልደገመችው።

9. ምግብና ድንገተኛ ነገር

መዋጥ ለሚቸግረው ልጅ ቀጥ ብሎ ሳይቀመጥ ምንም አይስጡት። አገጩ ትንሽ ወደ ደረቱ ዝቅ ይበል። አንጋሎ ማጉረስ አደገኛ ነው፤ ምግቡ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ሽሮው ወፈር፣ እንጀራው በደንብ ፍትፍት ይበል። ጉርሻው ትንሽ፣ ሳይውጥ ሁለተኛ የለም።

የሚጥል በሽታ ሲጥለው፦ ሰዓት እዩ። ዙሪያውን ያለ ድንጋይና ወንበር አርቁ። ጭንቅላቱ ሥር ሹራብ አድርጉ። በጎኑ አዙሩት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። አጥብቃችሁ አትያዙት። ክብሪት ጭራችሁ አታሽትቱት፤ ምንም አይረዳም፣ ሊያቃጥለውም ይችላል። 5 ደቂቃ ካለፈ ወይም ሳይነቃ ከደገመው ቀጥታ ወደ ሆስፒታል። ለሌሎቹ ልጆች «አሁን ይነቃል» በሏቸውና አጠገቡ ሁኑ።

10. ሰኔ ላይ

ለአንደኛ ክፍል መምህሩ አንድ ገጽ ጻፉ። ስለ ጉዳቱ ሁለት መስመር ይበቃል። የቀረው ልጁ ራሱ ነው፤ ምን ይችላል፣ ምን ያስቀዋል፣ ሽንት ሲመጣበት በምን ያስታውቃል፣ ማን ነው ጓደኛው። ጓደኛውና እሱ አንድ ክፍል እንዲመደቡ ጠይቁ። ወንበሩም አብሮት ይሂድ፤ የትምህርት ቤቱ ንብረት ነው ተብሎ መጋዘን እንዳይገባ። መስከረም ላይ ግን እንደገና ይለካ፤ ልጆች በክረምት ያድጋሉ። የእኔ ልጅ መስከረም ላይ ሲመለስ የወንበሩ ከፍታ 3 ሳንቲ ሜትር መጨመር ነበረበት።